ሽማግሌዎችን ደጅ ያቆመው ዘበኛ

በማኅበራችን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ አንድ ውሸት ተጽፎ ስድስት ዓመት ኖረ። «የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ሽኩር የአንዲትን ተረጂ መኖሪያ ለማይመለከተው ሰው በመናገሩ ከሥራ ተሰናብቷል» ይላል። ከሥሩ አራት ፊርማ አለ። ሽኩር አልተናገረም። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ መዝገብ ያዥዋ ዘነበች። ሌላው የሥራ ዘመኔ ቢረሳ ግድ የለኝም፤ ይሄ ግን ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምር ስለነበር በወጣትነቴ ሶማሌ ተራ አንድ ጅምላ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሥራዬ ወደ ክፍለ ሀገር በሚጫኑ ጆንያዎች ላይ የገዢውን ስምና አገሩን በቀለም መጻፍ ነበር። አለቃዬ «ዘነቡ፣ ስሙ መኪናው አናት ላይ ሆኖ መሬት ላለ ሰው ይታይ!» እያለ ይጮህብኝ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ብዙ ዓመት ስም በትልቁ ስጽፍ ኖርኩ። መጋዘኑ ሲሸጥ እኔም የቀለም ጣሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ማኅበራችን እዚያው መርካቶ ከሰፈሩ እድር የወጣ ነው። እድሩ የሞተ ሲቀብር ኖሮ፣ «በሕይወት ያሉትስ?» ብሎ ለታመሙ ሰዎችና ብቻቸውን ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች ዱቄት፣ ዘይትና የትምህርት ቁሳቁስ ማደል ጀመረ። የነበረን አንድ ክፍል፣ አንድ በረንዳና አንድ የቆርቆሮ በር ነው። እኔን የቀጠሩኝ ለጽዳትና ዱቄት ለመስፈር ነበር። መዝገቡን የሚይዙት ጡረታ የወጡ ነርስ፣ እትዬ ጽጌ ነበሩ።

በመጀመሪያው የእደላ ቀን ዝርዝሩን ተቀብዬ በረንዳው ላይ ቆምኩና እንደ እድር ስብሰባ በጉሮሮዬ ሙሉ ስም መጥራት ጀመርኩ። በእድር ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ክብር ነው፤ የተጠራው «አለሁ» ይላል። እዚህ ግን የመጀመሪያዋን ስጠራ ማንም አለሁ አላለም። ሁለተኛዋም ዝም። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ጽጌ መጥተው ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«ምን አደረግሁ?» አልኩ።

«ከበሩ ውጭ የቆመውን ሰው ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሁለት ጫኝ፣ አንድ ሎተሪ አዟሪ፣ ጫማ የሚሰፋ ሰውዬ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

«እነዚህ ሁሉ አሁን ማን እንደተቸገረ አወቁ። አንቺ ስም የጠራሽ መስሎሻል፤ የሰው ጓዳ ነው የከፈትሽው» አሉኝ።

ስም ከሩቅ እንዲታይ መጻፍ የለመደ እጄ፣ ስም መደበቅን እስኪለምድ ጊዜ ወሰደበት።

እትዬ ጽጌ ሁለት መዝገብ ነበራቸው። በሰማያዊው ስም፣ ቁጥርና መኖሪያ አለ። በቀዩ ቁጥርና የሚሰጠው ነገር ብቻ፤ ዱቄት፣ መድኃኒት፣ ደብተር። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው አይከፈቱም። ሰማያዊው ምን አለሽ ተራ በተሠራ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሳጥኑ ሁለቱም ካልገቡ የማይከፈት ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እሳቸው አንገት ላይ፣ አንዱ ሊቀመንበሩ ጋ። ሰው ለምን እንደተቸገረ የሚጻፍበት ቦታ በሁለቱም የለም። አንድ ቀን ይህን ጠየቅኋቸው።

«ዱቄቱን ለመስፈር ምክንያቱ ያስፈልግሻል?» አሉኝ።

«አያስፈልገኝም።»

«እንግዲያው ለምን እናውቀዋለን?»

ለማስፈረሚያ ደግሞ እዚያው ምን አለሽ ተራ አንዱን ቀጥቃጭ የዘይት ጣሳ አስዘርግተው መሐሉ ላይ ረጅም ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ አሠሩ። ሰሌዳዋን መዝገቡ ላይ ሲያጋድሟት አንድ መስመር ብቻ ትታያለች። ሰው የራሱን መስመር አይቶ ይፈርማል፣ ወይም ጣቱን ያሳርፋል። ከላይ ማን እንደወሰደ፣ ከታች ማን እንደሚወስድ አያይም። «መስኮቷ» እንላት ነበር። እጅ እንዳትቆርጥ ጠርዟን በጨርቅ የለበጥኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው መነጽራቸውን ነው። ሰው ጥያቄ ሲጠይቃቸው መነጽሩን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ንጹሕ ቢሆንም ይጠርጉታል። የእርጅና ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ጠርገው እስኪጨርሱ ማን እንደሚጠይቃቸው፣ ለምን እንደፈለገው፣ ባለቤቱ ፈቅዶ እንደሆነ ያስባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጠርገው ሲጨርሱ መልሱ «አይሆንም» ነው።

አንድ ቀን ከረጂዎች የተላከ ሰው ሰማያዊውን መዝገብ በስልኬ ፎቶ ላንሳ አለ። እትዬ ጽጌ መዝገቡን ወንበራቸው ላይ አደረጉና ተቀመጡበት።

«እማማ፣ ለሪፖርት ነው። ስንት ሰው እንደሆነ ለማሳየት ብቻ…»

«ስንት እንደሆነ በቃሌ እነግርሃለሁ። ጻፍ።»

ሰውየው ቆሞ ጠበቀ። እሳቸው እስከ ምሳ ሰዓት ንቅንቅ አላሉም። ሽኩር ከበሩ ሆኖ «አትነካኳቸው፣ ታቅፈውታል! ዛሬ ሊፈለፈል ነው!» ብሎ ሰውየውን ራሱን አሳቀው።

ሽኩር የበራችን ዘበኛ ነው። በሁሉ ነገር ይቀልዳል፤ በእኔ ድምፅ፣ በሊቀመንበሩ ኮት፣ በራሱ አጭር ቁመት። የማይቀልድበት ነገር በሩ ብቻ ነበር።

እትዬ ጽጌ ዓይናቸው ሲደክም ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው እኔ አንገት ላይ አጠለቁት። «ከባድ አይደለም፤ ግን ሁልጊዜ ይሰማሽ» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔም ጽዳቱን ትቼ መዝገብ ያዥ ሆንኩ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ከተረጂዎቻችን መካከል ባሏ ሊገድላት ሲል ሸሽታ ከክፍለ ሀገር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ አለቻት። ስሟን አልጽፍም፤ ቁጥሯንም አልጽፍም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፤ ያካፋል። ሽኩር በሩ ላይ ሲከራከር ሰምቼ ወጣሁ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ታላቁ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው ቆመዋል።

«ምንድን ነው ሽኩር?»

«ሰው ፈልገው ነው። አይቻልም ብያለሁ።»

«ሽማግሌ ዝናብ ላይ ይቆማል እንዴ?»

«እትዬ ዘነቡ፣ በሩ ሽማግሌና ጎረምሳ አይለይም።»

«አሳዳጊ የለህም? ክፈት ብያለሁ!» አልኩት፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።

ከፈተ።

አስገብቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ታላቁ ተነስተው መረቁኝ። የሴትየዋን የክርስትና ስም፣ የአባቷን ስም፣ እናቷ መቼ እንደሞቱ ሳይቀር ያውቃሉ። «ልጃችን ናት» አሉ። «ያጠፋው እሱ ነው። አጥፍቻለሁ ብሎ እግራችን ላይ ወድቋል። ይቅርታ ልናስጠይቀው ነው የመጣነው። ቤቷን አሳዩንና እኛው ፊቷ እንቁም።»

እኔ ራሴ ትዳሬ በሽማግሌ ቆሞ ሠላሳ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሽማግሌ ተነስቶ ሲለምን እምቢ ማለትን ማንም አላስተማረኝም። እትዬ ጽጌ ቢሆኑ መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ መነጽር የለኝም፤ ግን የምጠርገው አላጣም ነበር። መስኮቷ ፊት ለፊቴ ነበረች። አልጠረግሁም። ቶሎ መለስኩ።

ሰማያዊውን መዝገብ አልከፈትኩም። የቤት ቁጥርም አልተናገርኩም። ስለዚህ አድራሻ አልሰጠሁም ብዬ ራሴን አታለልኩ። በእኛ ሰፈር ግን ቤት በቁጥር አይገኝም፤ በምልክት ነው። አንድ ምልክት ነገርኳቸው። «ከዚያ ጀርባ ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል» አልኩ። ምልክቱ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ሽኩር በሩን ከኋላቸው ቀረቀረው።

ሽማግሌዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም። እነሱም ተታለዋል። ባልየው ርቀቱን ጠብቆ ከኋላቸው ይከተላቸው ነበር። ቤቷን ካየ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ሄደ። ጎረቤቶች ተረባርበው አስጣሏት። እጇን ግን ሰብሯታል። እሱ ታሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ ተባለ። እሷ በዚያው ቅዳሜ ልጇን ይዛ፣ ዕቃዋን ትታ፣ ሰፈሩን ለቀቀች። ሰኞ ስገባ ሽኩር ይህን ሲነግረኝ ዱቄት መስፈሪያው እጄ ላይ ነበር። የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ረቡዕ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አጀንዳው ሳይነበብ ተነሳሁ። «የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሽኩር ከልክሎ ነበር፤ ሰድቤ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደሉም። በዚያ ቀን ግን ፈሩ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። «መዝገብ ያዥዋ ተናገረች ከተባለ ነገ ማን ይመዘገባል? ዘበኛው ተናገረ ከተባለ ግን ዘበኛ እንቀይራለን፣ ነገሩም ያልቃል።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ማኅበሩን ለማዳን ነው።»

«ከምን ለማዳን? ከእውነት?»

አራቱ የኮሚቴ አባላት ፈረሙ። እኔ አልፈረምኩም። ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል፤ ቀሪውን ስለማልነግረው ነው። ቀሪው ይኸውና፤ አልፈረምኩም፣ ግን በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የልጅ ልጆቼን የማሳድገው እኔ ነበርኩ። ሰማያዊውንም መዝገብ ለማያውቀው ሰው ትቶ መሄድ አስፈራኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም ለሽኩር ምንም አልጠቀመውም።

መርካቶ ሰፊ ይመስላል እንጂ፣ ለበር የሚታመን ሰው ሲፈለግ ሁሉም ይጠያየቃል። ሽኩርን ሊቀጥር ያሰበ ሁሉ ወደ እኛ ይልካል፤ ከቢሮ «ምስጢር አውጥቶ ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ሽኩር ከዚያ ወዲህ በር አልጠበቀም። ጆንያ መስፋት ጀመረ።

እኔ ደግሞ አያያዙን ሁሉ ቀየርኩ። መኖሪያን ከሰማያዊው መዝገብ አወጣን፤ ዱቄት ማድረስ ካስፈለገ ሰውዬው ራሱ መገናኛ ቦታ ይመርጣል። ሰው ፈልጎ ለመጣ ደግሞ «አለች» አይባልም፣ «የለችም»ም አይባልም። አንዷን የለችም ብለን በሌላዋ ዝም ካልን፣ ዝም ያልንባት እዚህ እንዳለች ይታወቃላ። ወረቀት እንሰጠዋለን፤ መልእክቱን ይጽፋል። በመዝገባችን ያለች ከሆነ ይደርሳታል። ከፈለገች ትመልሳለች፣ ካልፈለገች ወረቀቱ ይቀደዳል። ስንቱ ጮኸብኝ!

«እናቴ ናት እኮ!»

«ከሆነች ትመልስልሃለች።»

ማንም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ መስኮቷን አንስቼ መጥረግ ልማዴ ሆነ። ጭንቀቱ ግን አልለቀቀኝም። አብነት አካባቢ፣ ቤቴ አጠገብ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እሻገራለሁ። እጇ በፋሻ የታሰረ ሴት ካየሁ እስከ ፌርማታው እከተላታለሁ፤ ዞር ስትል ሌላ ናት። የቁልፉን ገመድ በቀን ስንት ጊዜ እንደምዳስስ የልጅ ልጆቼ እየቆጠሩ ይስቁብኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሌጅ የጨረሰች ሃያት የምትባል ሴት ተቀጠረችና መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እንወስዳለን ተባለ። እኔ ግን ሰጋሁ።

«አይስጉ እማማ፣ የይለፍ ቃል አለው» አለችኝ።

«ቃሉን ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ።»

«ሁለተኛው ቁልፍ የታለ ታዲያ?»

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወችና አሰበች። በሳምንቱ ሌላ ሰው የራሱን ቃል ካላስገባ የማይከፈት አድርጋው መጣች። የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ መውጣቱንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። «ባለቤቱ ሳይፈቅድ» የሚለው ቦታ ስትደርስ ደግመሽ አንብቢው አልኳት። እትዬ ጽጌ ቢሰሙት ብዬ ነው።

ባለፈው መስከረም ቁልፉን ለሃያት አስረከብኩ። በሽኝቱ ነጠላ ተሸለምኩ፣ አቶ ጌታሁን ረጅም ንግግር አደረጉ። ተናገሪ ስባል «ነጠላ አለኝ። አንድ ገጽ አርሙልኝ» አልኩ። የትኛው ገጽ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

«እኔም ከብዶኝ ኖሯል» አሉ አቶ ጌታሁን። «ግን ለማረም ታሪኩ መነሳቱ ነው። ታሪኩ የእኛ ብቻ አይደለም። ያቺ ሴት ከፈቀደች መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ተናደድኩ። ንዴቴ ሲበርድ ግን ልክ እንደሆኑ አወቅሁ።

በማግስቱ ሽኩር ጋ ሄድኩ። ስድስት ዓመት በሌላ መንገድ ሳልፍ ኖሬአለሁ። ጆንያ ጭኑ ላይ ዘርግቶ እየሰፋ ነበር።

«እትዬ ዘነቡ! ሽማግሌ ይዘሽ መጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ግቢ። እዚህ በር የለም፣ የሚከለክልሽም የለም።»

መሳቅ አቃተኝ። ነገሩን ነገርኩት። መርፌውን ሳያቆም ሰማኝ። «ልጆቼን ‹የወሬ አቀባዩ ልጆች› ሲሏቸው እየሰማሁ ዝም አልኩ» አለ። «የምፈልገው ያ ገጽ እንዲታረም ብቻ ነው። ከመሞቴ በፊት ይሁን።»

ከእሱ ዘንድ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሄጄ ሃያት ፊት ቆምኩ። የሴትየዋን ስም ጠራሁላት።

«አሁንም ከእኛ ጋ አለች?»

ሃያት ስልኳን አነሳችና መስታወቱን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ቆየት አድርጋ ጠረገች። እትዬ ጽጌን አይታቸው አታውቅም።

«አለችም የለችምም አልልም እማማ» አለችኝ።

«ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው። ወረቀት ልስጥዎት?»

እጇን ልመታው ቃጣኝ። ግንባሯን ልስመውም ቃጣኝ። ተቀምጬ ጻፍኩ፤ «እህቴ፣ ያኔ ቤትሽን ለሽማግሌዎቹ በምልክት የጠቆምኩት እኔ ነኝ። በሩን ዘግቶ የነበረው ዘበኛ በእኔ ጥፋት ተባረረ። እውነቱን በጽሑፍ እንዳወጣ ፈቃድሽን እለምናለሁ።» ጨርሼ ሳበቃ መጻፍ የሌለብኝን አንድ ነገር ከታች ጨመርኩ፤ «እጅሽስ?»

ሃያት ሳታነብ አጥፋ አሸገችው።

ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ምናልባት አገር ለቃ ሊሆን ይችላል። ምናልባት በሕይወት የለችም። ከሁሉ የባሰው ሐሳብ ግን ይህ ነበር፤ ወረቀቱ ደርሷት፣ ያቺ አሳልፋ የሰጠችኝ ሴት ደግሞ ትፈልገኛለች ብላ እንደገና ዕቃዋን እየሸከፈች ቢሆንስ? ሃያትን ልጠይቃት እሄድና ከበሩ እመለሳለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ሃያት ደወለች። «ይምጡ» ብቻ አለች። ስደርስ የታጠፈ ወረቀት መስኮቷ ላይ አድርጋ አቀረበችልኝና ፊቷን አዞረች።

አቶ ጌታሁን ቃላቸውን ጠበቁ፤ መጀመሪያ ፈረሙ። አሁን ቃለ ጉባኤው «አቶ ሽኩር በዕለቱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። መኖሪያዋን የጠቆመችው መዝገብ ያዥዋ ዘነበች ናት» ይላል። ይህንኑ በሰፊ ካርቶን ላይ በቀለም ጽፌ ለሽኩር ሰጠሁት፤ ጆንያ በሚሰፋበት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ያን ያህል ትልቅ አድርጎ መጻፍ እጄ አልረሳም።

የሴትየዋን መልስ እዚህ መገልበጥ እችል እንደሆነም በሃያት በኩል አስጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ፊርማ የለውም። ቃል በቃል ይኸውና፤

«የራስዎን ጥፋት በራስዎ ስም ይጻፉ። ዘበኛውን ነጻ ያውጡት። የእኔን ስም፣ ቁጥሬንና ያን ምልክት ግን አይጻፉ፤ የት እንዳለሁም ዳግመኛ አያስጠይቁ። እጄ ድኗል። ሲበርድ ግን ያመኛል።»